በሀዲዱ ላይ የተተከለው ድንኳን

ባቡሩ ከሀዲዱ የወጣው ጠዋት፣ ሰፈሩ ሁሉ ፈረቃ ከገባ በኋላ ነው። ሲመጣ ማንም አልሰማውም። የጭነት ባቡሮች ጡሩምባ እንዳይነፉ ከተከለከሉ ዓመታት አልፈዋል፤ ከሀዲዱ ማዶ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰዎች እንቅልፍ አጣን ብለው ስለከሰሱ ነው። ሹፌርም ከቀረለት ቆይቷል። እና በዝምታ መጣ፤ መታጠፊያው ላይ ሳተ፤ ሀዲድ ሥር በምንለው ሰፈራችን ላይ ወደቀ።

ሶልያና እባላለሁ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነኝ። ስሜ ሲወጣልኝ ዘመናዊ ነበር፣ አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል። የምጽፈው ያየሁትን ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ የምጠይቅበትም ምክንያት አይታየኝም።

ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ይህ ባቡር እዚያው መታጠፊያ ላይ ሲወድቅ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የፍየል በረት ደፈጠጠ። ቀጥሎ የአንድ ጎረቤታችንን ግንብ ወሰደ። ሁለቱንም ጊዜ መታጠፊያውን አስተካክሉልን ብለን ጮኸናል። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ ስልካችን ላይ ደውሎ ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ጠይቆናል። ድምፁ የሰው አይደለም። የባቡሩ ባለቤት የሆነው አድማስ ጭነት ሰው የለውም ብለን እስክናምን ድረስ ከዚያ ድርጅት ሰው አይተን አናውቅም።

በዚህኛው ጊዜ ኮንቴይነሮቹ የክብሪት ሳጥን እንደተደፋ ሆነው በሰፈሩ ላይ ተዘረገፉ። አብዛኞቹ ባዶ ቤት ላይ ነው የወደቁት፤ ሰው ሥራ ላይ ነበራ። አንዱ ግን ዘካሪያስ ግቢ ውስጥ ገባ። ዘካሪያስ ሚኒባስ ጠጋኝ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቆፍሮ ባዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ መኪናውን ከሥር ይሠራል። ኮንቴይነሩ ሲወድቅ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ኮንቴይነሩ ሚኒባሱ ላይ፣ ሚኒባሱ ጉድጓዱ ላይ፣ እሱ ከሁሉም በታች። ሚስቱ ኢፍቱ ውጭ ልብስ እያሰጣች ስለነበር ተረፈች። እኔ ስደርስ በሆዷ ተኝታ፣ አፏን በሚኒባሱና በመሬቱ መካከል የቀረው ስንጥቅ ላይ አድርጋ ስሙን ትጠራ ነበር።

"አለሁ" አለ ከሥር። "እግሬን ይዞኛል እንጂ አለሁ።"

የከተማው እሳት አደጋ መኪና መጣ፤ የሀዲዱን አጥር ሲደርስ ቆመ። ከአጥሩ ወዲህ ያለው መሬት ሰፈራችንን ጨምሮ በወረቀት የድርጅቱ ይዞታ ስለሆነ መግባት አልተፈቀደለትም። የድርጅቱ ክሬን ግን ፈጥኖ ደረሰ፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ባልተበላሸው ሀዲድ ላይ እየተንሸራተተ መጣ፣ እግሮቹን ዘረጋና ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያነሣው ከዘካሪያስ አጠገብ የወደቀውን የአቮካዶ ኮንቴይነር ነው።

ክሬኑ ሥር ሄጄ ጮህኩ። ያው የሴት ድምፅ መለሰልኝ።

"ክብርት እናት፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚበላሽ ጭነት ነው።"

"ሰው አይበላሽም?"

"ጥያቄዎ ተመዝግቧል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

ከአቮካዶው በኋላ ተረኛው ጽጌረዳ ነበር። ከጽጌረዳው በኋላ ሥጋ። ዘካሪያስ ላይ ያለው ኮንቴይነር የጫነው ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ደግሞ አይበላሽም። ተራው የመጨረሻ እንደሆነ በትሕትና ተነገረን። ክሬኑ ከጎን አንድ ኮንቴይነር ባነሣ ቁጥር የሰሊጡ ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚኒባሱ ጣሪያ ሲጨማደድ ይሰማናል።

"እየወረደ ነው" አለ ዘካሪያስ። ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ኢፍቱ ከባሏ ዕቃዎች መካከል ትልቁን መዶሻ አንሥታ የኮንቴይነሩን መቆለፊያ ሰበረችው። ወለል ብሎ ሲከፈት እስከ ጣሪያው ድረስ ጆንያ ነው። ባዶ ቢሆን ብዙ ሰው ተረባርቦ ሊያነሣው ይችል ነበር። ግን ማን ያራግፈዋል? ሰፈር ውስጥ የቀረነው ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶችና ጨቅላ የታቀፉ እናቶች ነን። አንድ ጆንያ ለሦስት ጎትተን ስናወጣ ልባችን ሊፈነዳ ደረሰ። ጉልበት ያለው ሁሉ ደረቅ ወደቡ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለየ ነው። የመጋዘኑ በር ደግሞ ፈረቃ ሲያልቅ እንጂ አይከፈትም። ባል ታመመ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ልጅ ጠፋ ብትል በሩ አይሰማህም።

አንድ ነገር ብቻ ይከፍተዋል፤ የእድር ሞት። ሁሉን ነገር የመታወቂያ ቁጥር ላይ ያሰሩት ሰዎች ለቅሶን ሊነኩ ግን ፈሩ። እና ለእድር ዳኞች ተዉት። እኔ አውራ ጣቴን ስልኬ ላይ አድርጌ የሟቹን ስም ስናገር የእድሩ አባላት ባሉበት ሁሉ በር ይከፈትላቸዋል። ለመሰብሰብ ፈቃድ አይጠየቁም፤ በማንም ይዞታ ላይ ቢቆሙ ጠባቂ አያባርራቸውም። የለቅሶ ድንኳን ከተተከለበት ማንም አይነቅለውም።

የሟቹ ቁጥር ደግሞ በዚያች ቅጽበት ይዘጋል። የተዘጋ ቁጥር አይከፈትም። በስም መመሳሰል በስሕተት የሞተች አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ ደቻቱ ወንዝ ማዶ እህቷ ቤት ተደብቃ ትኖራለች። ሥራ የሚቀጥራት የለም፣ ሐኪም ቤት አይቀበላትም፣ አውቶቡስ በር አይከፍትላትም። እድሬን ይዤ ስንት ደጅ ጠናሁላት! አይቻልም ነው መልሱ። ሥርዓቱ ይህን አያውቅም ይሉሃል፣ ሥርዓቱን የሠራው ሰው እንዳልሆነ ሁሉ።

ኢፍቱ ክንዴን ያዘች። እጇ በሰሊጥ አቧራ ተሸፍኗል።

"ሶልዬ፣ አውጂልኝ።"

"ምኑን?"

"ዘኪ ሞተ በይ።"

"አፍሽን ያዢ! ሟርት አትጥሪ! ሰውየው እያወራ!"

"እያወራ ስለሆነ እኮ ነው! ዝም ካለማ ምን ያደርግልኛል?"

በእድር ዳኝነቴ ብዙ ሞት አውጃለሁ። አንዱንም ሬሳው ሳይታይ አላወጅኩም። በቁሙ ያለ ሰው ላይ ሞተ የሚል ቃል ማውጣት እኛ ዘንድ ቀልድም ቢሆን ያስቀስፋል፤ እናቴ ብትሰማኝ አፌን በጥፊ ትለኝ ነበር።

በሆዴ ተኛሁና ስንጥቁን ተጠጋሁ።

"ዘኪ፣ ሚስትህ የምትለውን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ቁጥርህ ይዘጋል። ሐኪም የለ፣ ሥራ የለ። እሷም የሙት ሚስት ትባላለች። መመለሻ የለውም።"

ያችን የድሬ ሳቁን ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሲቃ ተለወጠ።

"አቦ ሶልዬ፣ ቁጥሬ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ፈየደልኝ? ግደዪኝና አውጪኝ!"

አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። ስሙን ከነአባቱ ተናገርኩ። ስልኬ ሐዘኑን ገለጸልኝ። እንደዚያች ቅጽበት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም፤ ከራሴም በላይ ግን እዚህ ያደረሱኝን ጠላኋቸው።

የመጋዘኖቹ በሮች ተከፈቱ። ሰፈርተኛው በደረቅ ወደቡ መንገድ ሲጎርፍ ከሩቅ ታየን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘው፣ ዋይታው አየሩን ሞላው። ከፊት የምትመጣው ሃና ናት፤ የዘካሪያስ አክስት፣ የእድሩም ምክትል ዳኛ። ደረቷን እየመታች፣ "ዘኪዬ ወንድ ልጄ፣ ዘኪዬ ጋሻዬ" እያለች ኮንቴይነሩ ላይ ወደቀች።

"አክስቴ፣ ለቅሶውን ተዪና ጆንያ ያዢ!" አለ ሟቹ ከመሬት ውስጥ።

ሃና ከኮንቴይነሩ ላይ ፈንጠር ብላ ተነሣች። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። ኢፍቱ ቆማ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ክሬኑ አዞረ። ክሬኑ ጽጌረዳ እያወረደ ነበር፤ እንዳይሰባበር ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ። የዚያን ጊዜ ሕዝቡ ውስጥ የተነሣውን ድምፅ ለቅሶ ልለው አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያዘዘ ሰው የለም። ሰዉ ከኮንቴይነሩ አፍ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰለፈ፤ ጆንያው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወጣ። ለቅሶ ልብሷን የለበሰች ሴት ጆንያ ስትሸከም ሳይ ልቤ ደማ። የእድሩ ጎረምሶች ደግሞ የለመዱትን ሥራ ሠሩ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ሟቹ በሕይወት መኖሩን እያወቁም እጃቸው ዝም ብሎ ወደ ዕቃ ቤት ወሰዳቸው። ቋሚዎቹንና ሸራውን አመጡ። የዘካሪያስ ደጅ በኮንቴይነር ተዘግቷል፣ መንገዱ ፍርስራሽ ነው። ያገኙት ደልዳላ ቦታ ሀዲዱ ብቻ ነበር። እዚያው ሀዲዱ ላይ ተከሉት፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ደረደሩ። ምን እንዳደረጉ አንዳችንም ልብ አላልንም።

ክሬኑ ቆመ። "ክቡራን ለቀስተኞች፣ የሐዘናችሁ ተካፋይ ነን" አለ ድምፁ። ወዲያው አንዲት ትንሽ ሰው አልባ በራሪ መጥታ ኢፍቱ እግር ሥር የአበባ ጉንጉን አስቀመጠች፤ ጽጌረዳ ነው። ኢፍቱ አንሥታ ከሀዲዱ ማዶ ወረወረችው።

ኮንቴይነሩ ባዶ ሲሆን ትርፍ ቋሚዎቹን ከሥሩ አስገብተን፣ የቻለ በትከሻው፣ ያልቻለ በጩኸቱ እያገዘ ወደ ጎን ገለበጥነው። ሚኒባሱንም አነሣነው። ዘካሪያስን ስናወጣው ኢፍቱ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነው፤ እኔ ግን ያየሁት እግሩን ነው። ከጉልበቱ በታች ያለው እግር አይመስልም። ጡረታ የወጣች አንዲት ነርስ ከለቀስተኛው መሐል ወጥታ አሠረችለት፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ሐኪም ቤት ካልደረሰ እግሩ ብቻ ሳይሆን ነፍሱም እንደማትቆይ ነገረችኝ።

አምቡላንስ ጠራን። "በዚህ ቁጥር በሕይወት ያለ ሰው የለም" ተባልን። የመጣልን የአስከሬን መኪና ነው። ድንኳኑ ዳር ቆሞ የኋላ በሩን ከፈተና ጠበቀን።

ዘካሪያስን ከፀሐይ አስጠልለን ድንኳኑ ውስጥ አስተኛነው፤ ራሱ ኢፍቱ ጭን ላይ ነው። በዚህ መሐል ነው በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአድማስ ጭነት አንድ ሰው ያየነው። ኪሩቤል ይባላል፤ የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ አለ። ከአዲስ አበባ በአየር ነው የላኩት። ጸጉሩ የተስተካከለ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲያዩት ክፉ የማይመስል ልጅ ነው። ድንኳኑ ደፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አደረገና ኢፍቱን፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አላት። ከጭኗ ላይ ማን እንደተኛ አላየም፤ ላለማየትም የመጣ ይመስለኛል።

ወደ እኔ ዞረ። "ዳኛዋ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀብሩ መቼ ነው? ድንኳኑ ሀዲድ ላይ በመሆኑ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ባቡር ቆሟል።"

የዚያን ጊዜ ነው ጎረምሶቻችን የሠሩት ሥራ የገባኝ።

"ሟቹን ጠይቀው" አልኩት።

ዘካሪያስ ዓይኑን ከፈተ። የኪሩቤል ላብ ፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁ። ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ። አንድ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ተመለሰና ፈገግ ብሎ፣ "መፍትሔ ተገኝቷል፤ ቁጥራቸው ሊከፈት ይችላል" አለ።

ይህን በማንበብ ላይ ያለ ሰው ይፍረድ። ያቺ ደቻቱ ማዶ የምትኖር ሴት ፊቴ ላይ መጣች። በሕይወት ያለ ሰው ቆሞ አለሁ ሲል የማይከፈት ቁጥር፣ ጭነት ሲቆም ይከፈታል! መክፈቻው ሁልጊዜም ነበር። የሚያነሣው እጅ ነበር የጠፋው።

"በአንድ ነገር ብቻ እንስማማ" አለ ኪሩቤል። "በሕይወት ካሉ ለቅሶ የለም። ድንኳኑ ይነሣል፣ ሰዎቹም ወደ ፈረቃቸው ይመለሳሉ። ሀዲዱ ላይ ያለው ጉዳት ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ባቡር ያልፋል።"

"በዚሁ መታጠፊያ?"

"በዚሁ መስመር፣ አዎ።"

"መታጠፊያውስ ይስተካከላል?"

"እሱ የእኔ ክፍል አይደለም እናቴ። ጥያቄዎን አስመዘግባለሁ።"

ሰው ሲላክልን ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ያሳፍረኛል። ከክሬኑ ጋር ሳወራ ቢያንስ ሰው እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

"እምቢ በይው" አለ ዘካሪያስ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "እንደ ሞትኩ ልቅር። ባቡሩን አታሳልፉት፣ ነገ ደግሞ በማን ላይ ሊወድቅ ነው?"

ኢፍቱ እያየችኝ ነበር። ጠዋት ባሏን እንድገድልላት የለመነችኝ በዚያው ዓይኗ ነው።

"ክፈትለት" አልኩት ኪሩቤልን።

"እና ድንኳኑ?"

"አንተ መጀመሪያ ክፈት። አምቡላንሱ ሲሄድ ሕጉ የሚለው ይሆናል።"

ተከፈተ። አምቡላንሱ መጣ፤ "እንደምን ዋሉ አቶ ዘካሪያስ" ብሎ በስሙ ጠርቶ ተቀበለው። የአስከሬን መኪናው በሩን ዘግቶ ሄደ። ዘካሪያስ አልጋው ላይ ሆኖ እየተሳደበ ነው የወጣው፤ ድርጅቱንም፣ እኔንም፣ ሚኒባሱንም። ኢፍቱ ዘልላ አብራው ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ሐኪም ቤቱ ወዳለበት ወደ ከዚራ ሰፈር ሲከንፍ አየነው። እስኪሰወር ድረስ ማንም አልተነቃነቀም።

ከዚያ የሰዉ ሁሉ ስልክ በኪሱ ውስጥ አንድ ላይ ጮኸ። የለቅሶ ፈቃድ ተነሥቷል፣ በአስቸኳይ ወደ ሥራ ገበታችሁ ተመለሱ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ድንኳኑ ገመድ ሄዱ። ኪሩቤል በረጅሙ ተነፈሰና መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

"ገመዱን ተዉት" አልኩ።

ስልኬን አወጣሁ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። የሟቹን ስም ይናገሩ አለኝ።

"ሶልያና ገዛኸኝ።"

አውራ ጣቱ የሟቿ የራሷ ሆኖ ሳለ ሙት እንዴት እንደሚናገር ስልኩ አልጠየቀኝም። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ አላስተማሩትም። የሐዘን መግለጫውን ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ስልኬ ጨለመ። መልሼ ጣቴን ባስቀምጥ ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም። የሰዉ ስልክ ግን ሁለተኛ ጮኸ፤ የለቅሶ ፈቃድ ተሰጥቷል።

"እማማ ሶልያና! ምን አደረጉ?" ኪሩቤል ክው አለ። "አሁኑኑ አስከፍትልዎታለሁ፣ አሁኑኑ..."

ሃና ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀች። ወደ ድንኳኑ ገባችና የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ስልኳን ጭኗ ላይ አደረገች። ዳኛ ሲሞት ሥልጣኑ ወደ ምክትሉ ያልፋል።

"አስከፍትላት" አለችው። "እሷ ስትነሣ እኔ እተኛለሁ። ከእኔ በኋላም ያው እንደምታየው ነው።"

ለቀስተኛው እየገባ ተቀመጠ። አግዳሚው አልበቃ ሲል ሀዲዱ ላይ ተቀመጡ። ሃና ስሜን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዳንዶቹ እውነተኛ እንባ ነበር የሚያነቡት፤ የቆምኩበት እስኪጠፋኝ ድረስ አስለቀሱኝ።

ኪሩቤል ስልኩን ይዞ ሀዲዱ መሐል ቆመ። ጆሮው ላይ የሚጮህበትን ሰው ድምፅ ከነቁጣው እንሰማዋለን፤ ይሄኛው የእውነት ሰው ነበር። ልጁ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲመልስ ቆየና በመጨረሻ ወደ ሃና ጠጋ አለ።

"እባክዎ፣ ይንገሩኝ ብቻ" አለ። "የእሳቸው ቀብር መቼ ነው?"

ሃና ለቅሶዋን ሳታቋርጥ መለሰችለት።

"መታጠፊያው ሲስተካከል።"